ኤችአርፒ2 ባንድ አልወጣም፤ ጂኑ ጠፍቷል ልበል?

ቦርከና (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከወሎ ቆላ የመጡ 20 የደረቀ የደም ጠብታ ናሙናዎች እየሠራሁ ነው። ሁሉም በአርዲቲ (በፈጣኑ የወባ መመርመሪያ) ኔጌቲቭ፣ በብለድ ፊልም (በማይክሮስኮፕ በሚታይ የደም ስላይድ) ግን ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ፓራሳይት አለባቸው የተባሉ ናቸው። አርዲቲው የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ነው። ፓራሳይቱ ይህን ጂን አጥቶ ከሆነ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ኬላ በሽተኛው «ወባ የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ መሳሳት አልፈልግም።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ከዋትማን 3ኤምኤም ወረቀት 6 ሚሊ ሜትር ክብ ቆርጬ፣ በሳፖኒን አሳድሬ፣ በቼሌክስ (ብረት በሚይዝ ቅንጣት) ዲኤንኤ አወጣሁ። የመጨረሻው ፈሳሽ 200 ማይክሮሊትር ነው፤ ለአንድ ፒሲአር 5 ማይክሮሊትር እጠቀማለሁ። በ18ኤስ ጂን ኔስትድ (በሁለት ዙር የሚሠራ) ፒሲአር 19ኙ ፋልሲፓረም ፖዘቲቭ ሆኑ። የኤችአርፒ2 ጂን ሁለተኛ ክፍል (ኤክሶን 2) ግን በ9ኙ ላይ ጄሉ ላይ ምንም ባንድ የለውም፤ ተመሳሳዩ ጂን ኤችአርፒ3 ደግሞ በ11ዱ ላይ የለም። ፖዘቲቭ ኮንትሮሌ 3ዲ7 የተባለው የላቦራቶሪ ፋልሲፓረም ዝርያ ነው፣ ደማቅ ሆኖ ወጥቷል። የውሃው ኮንትሮልም ንጹሕ ነው። ኤክስቴንሽኑ (ኢንዛይሙ አዲሱን ክር የሚሠራበት እርከን) 72 ዲግሪ ነው። ባንድ ካልወጣላቸው 9ኙ ውስጥ የ6ቱ ብለድ ፊልም መዝገቡ ላይ «አንድ ፕላስ» ይላል።

9 ከ19 ጂኑ ጠፍቷል ብዬ መጻፍ እችላለሁ? ካልሆነስ ምን ይጎድለኛል?


ጦሳ

አብሽሪ እህቴ፣ ሥራሽ የሚጣል አይደለም፤ ግን አሁን ባለበት ሁኔታ «ጠፍቷል» አትበይ። በእጅሽ ያለው ማስረጃ «ባንድ አልወጣም» የሚል ብቻ ነው።

ዋናው ክፍተት 18ኤስን በቂ ዲኤንኤ ለመኖሩ ምስክር ማድረግሽ ነው። የ18ኤስ ጂን በፋልሲፓረም ጂኖም ውስጥ ከ5 እስከ 8 ቅጂ አለው። ኤችአርፒ2 በክሮሞሶም 8 ጫፍ አካባቢ፣ ኤችአርፒ3 በክሮሞሶም 13 ጫፍ አካባቢ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ቅጂ ብቻ ይገኛሉ። ዲኤንኤው ጥቂት ሲሆን 18ኤስ ይታያል፣ ነጠላው ጂን ግን ሳይታይ ይቀራል። ይህ የጂን መጥፋት ሳይሆን የናሙና ማነስ ነው፤ ጄል ላይ ግን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

በቁጥር እናስበው። 6 ሚሊ ሜትር ክብ ወረቀት የሚይዘው ወደ 10 ማይክሮሊትር ደም ነው። ይህን በ200 ማይክሮሊትር አውጥተሽ 5 ስትወስጂ ፒሲአሩ ውስጥ የገባው የ0.25 ማይክሮሊትር ደም ዲኤንኤ ነው። «አንድ ፕላስ» ማለት በወፍራሙ ፊልም 100 ፊልድ ውስጥ ከ1 እስከ 10 ፓራሳይት ነው፤ በማይክሮሊትር ደም ከ4 እስከ 40 ገደማ ይሆናል። 20 ብለን ብንይዝ ፒሲአርሽ ውስጥ የሚገባው ቢበዛ 5 ጂኖም ነው። ቼሌክስ ደግሞ ሁሉንም አያወጣም። አንድ አምስተኛውን ብቻ አወጣ ብንል በአማካይ 1 ቅጂ ይደርስሻል። አማካዩ 1 ሲሆን በአንድ ቱቦ ውስጥ ጭራሽ ምንም ቅጂ ያለመግባት ዕድሉ 37 በመቶ ነው! አማካዩ 3 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። የ18ኤስ ቅጂ በዚያው ቱቦ ውስጥ ከ5 እስከ 8 ስለሚሆን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይገኛል። ስድስቱ «አንድ ፕላስ» ናሙናዎች ያለ ምንም የጂን መጥፋት እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ።

3ዲ7 ደማቅ ሆኖ መውጣቱም ብዙ አያጽናናም። የፋልሲፓረም ጂኖም 23 ሚሊዮን ቤዝ ገደማ ነው፤ 1 ናኖግራም ዲኤንኤ ወደ 40,000 ጂኖም ይይዛል። ኮንትሮልሽ በማይክሮሊትር 1 ናኖግራም ከሆነ ፒሲአሩ ውስጥ 200,000 ቅጂ ከተትሽ ማለት ነው። ይህ ማስተር ሚክሱ (የፒሲአሩ ድብልቅ) እንደሚሠራ ያሳያል፤ 5 ቅጂ ማየት እንደሚችል አያሳይም። ያንን 3ዲ7 1 ለ4,000 አቅጥኚው፣ በማይክሮሊትር 10 ቅጂ ይሆናል። ከዚያ ወደ 2፣ ወደ 1፣ ወደ 0.2 አውርጂው። እያንዳንዱን እርከን ሦስት ሦስት ጊዜ በኤችአርፒ2፣ በኤችአርፒ3 እና በምስክር ጂኖችሽ ሩጪ። ሦስቱም ጊዜ ባንድ የሚሰጥሽ የመጨረሻው እርከን የአንቺ ወሰን ነው። ከዚያ በታች ያለ ናሙና «አይወሰንም» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ጠፍቷል አይባልም።

ምስክሩ እንደ ኤችአርፒ2 ነጠላ ቅጂ ያለው ጂን ይሁን። የተለመዱት ኤምኤስፒ1 እና ኤምኤስፒ2 ናቸው። ከሁለቱ ኤምኤስፒ2ን አጥብቀሽ ያዢ። የኤምኤስፒ1 ብሎክ 2 ምርት አጭር ነው፣ የኤምኤስፒ2 ግን ረዘም ይላል። ዲኤንኤው በሙቀት ተቆራርጦ ከሆነ አጭሩ ይወጣል፣ እንደ ኤችአርፒ2 ኤክሶን 2 ያለ ረጅም ምርት ይቀራል። አጭር ምስክር ብቻ ይዘሽ ከፈረድሽ የተበላሸ ዲኤንኤ የጠፋ ጂን ይመስልሻል።

የማምነው ፍርድ ይህ ነው፦ ኤምኤስፒ1 እና ኤምኤስፒ2 ሁለቱም ወጥተው፣ ኤችአርፒ2 በሁለት የተለያዩ ሩጫዎች ካልወጣ፣ ከሁለቱ አንዱ እንደ አዲስ ከወረቀቱ ከወጣ ዲኤንኤ ከሆነ፣ ያኔ ጠፍቷል በይ።


ሐይቅ ዳር

ጦሳ ስሌቱን ስለጨረሰው እኔ ወደ ወረቀቱና ወደ ቱቦው ልመለስ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከፒሲአሩ በፊት ነውና።

ከሁሉ በፊት የገባውን ደም አብዢ። ሁለት ክብ ቁረጪና በ100 ማይክሮሊትር አውጪ። ያኔ 5 ማይክሮሊትሩ የ1 ሙሉ ማይክሮሊትር ደም ዲኤንኤ ይሆናል፤ ከበፊቱ አራት እጥፍ ነው። ዋጋው ሄሞግሎቢኑም መብዛቱ ነው፤ ስለዚህ እጥበቱን አትቸኩዪበት። 1 ሚሊሊትር 0.5 በመቶ ሳፖኒን በፒቢኤስ፣ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ። ጠዋት ቡናማውን ፈሳሽ አስወግደሽ በ1 ሚሊሊትር ፒቢኤስ 30 ደቂቃ እጠቢ። ወረቀቱ ነጭ ካልሆነ ፒቢኤሱን ቀይረሽ ድገሚ። ቀይ ወረቀት ላይ ቼሌክስ ጨምሮ ማፍላት ድካም ብቻ ነው።

የቼሌክስ ቅንጣት በአንድ አፍታ ስለሚዘቅጥ በምትቀጂበት ጊዜ ሁሉ ጠርሙሱ እየተነቃነቀ ይሁን። የፒፔቱን ጫፍ በመቀስ ትንሽ ቁረጪው፣ አለበለዚያ ቅንጣቱ ጫፉ ላይ ተወትፎ ውሃ ብቻ ትቀጃለሽ፤ አንዱ ቱቦ 5 በመቶ ሌላው 1 በመቶ ይሆናል።

ማፍላቱን በተመለከተ ደሴ ላለ ሰው አንድ ነገር አለ። ከተማው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፕሮቶኮሉ «100 ዲግሪ 10 ደቂቃ» ቢልም በፈላ ውሃ እዚያ አይደረስም። ደረቅ ሂት ብሎክ ካለሽ 95 ላይ አድርጊውና የቱቦውን ክዳን በክሊፕ ያዢ፤ ካልያዝሽው በእንፋሎቱ ይፈናጠርና የአንዱ ናሙና ጠብታ ሌላው ላይ ያርፋል። ያለሽ የውሃ ባዝ ብቻ ከሆነ ወደ 15 ደቂቃ አርዝሚው። በመካከል ሁለት ጊዜ ቮርቴክስ አድርጊ።

ከዚያ በከፍተኛው ፍጥነት 5 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ አድርጊ፣ የላይኛውን ወደ አዲስ ቱቦ፣ እንደገና አሽከርክሪ፣ እንደገና ወደ አዲስ ቱቦ። ሁለተኛውን ዙር የሚዘለው ብዙ ነው፤ ጥፋቱም ከዚያ ይመጣል። ቼሌክስ ሥራው ብረት መያዝ ነው። አንድ ሁለት ቅንጣት ወደ ፒሲአር ከገባ ማግኒዚየሙን ይነጥቅና ኢንዛይሙ ይቆማል። ጠንካራው የ18ኤስ ኔስትድ ያልፈዋል፣ ኤችአርፒ2 አያልፈውም።

ማገጃ መኖሩን የምትለዪው እንዲህ ነው፦ ባንድ ካልሰጠው ናሙና 5 ማይክሮሊትር ወስደሽ በዚያው ቱቦ የተቀጠነ 3ዲ7 ጨምሪበት፤ 50 ቅጂ ይበቃል። ጎን ለጎን 50 ቅጂውን ብቻውን ሩጪ። ብቻውን ወጥቶ ከናሙናው ጋር ካልወጣ ናሙናው ውስጥ ማገጃ አለ። እንደዚህ ያለ ናሙና በኮለም ኪት ይውጣ፣ ወይም ይቅር።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ፦ ጠብታው 50 ማይክሮሊትር ሆኖ ሌሊቱን ከፀሐይ ርቆ ጠፍጣፋ ላይ ይድረቅ። በደንብ ሳይደርቅ ላስቲክ ውስጥ የገባ ወረቀት ይሻግታል። ለየብቻው ዚፕ ባለው ላስቲክ፣ ከሲሊካ ጄል ጋር። የጄሉ ቀለም ሲለወጥ ያን ጊዜውኑ ይቀየር። ከሚሴና ባቲ ሙቀት ላይ መኪና ውስጥ የዋለ ወረቀት ዲኤንኤው መቆራረጡ አይቀርም፤ ኤምኤስፒ2 የሚያጋልጠው ይህንን ነው። ደሙ ከቱቦ የተቀዳ ከሆነ ኤዲቲኤ መሆኑን መዝገብ ላይ አረጋግጪ፣ ሄፓሪን ፒሲአርን ይገድላል።

የቼሌክስ ዲኤንኤ በመፍላቱ ነጠላ ክር ስለሆነ አይበረክትም። መብራት በጠፋ ቁጥር እየቀለጠ የሚረጋ ፍሪዘር ውስጥ ከሰነበተ ኤችአርፒ2ን ለመፈለግ አይሆንም። ወረቀቱ ግን ደረቅ ከሆነ መብራት አያሳስበውም። ስለዚህ ያወጣሽውን በ20 ማይክሮሊትር ከፋፍለሽ አስቀምጪ፣ ድጋሚ ምርመራውን ሁልጊዜ ከወረቀቱ ጀምሪ።

ወረቀት መብሻው ጉዳይም አለ። በሁለት ናሙና መካከል በአልኮል ጠርገሽ ንጹሕ ወረቀት ሦስት አራት ጊዜ ብሺበት። እዚህ ላይ ስሕተቱ በተቃራኒው ነው፤ ጂኑ ካለው ናሙና የቀረ ፍርፋሪ ጂኑ በጠፋው ላይ ባንድ ይሰጥና እውነተኛውን መጥፋት ይሸፍናል።


ቆቦ ሜዳ

72 ዲግሪው ላይ ቆም በሉ። የፋልሲፓረም ጂኖም 80 በመቶ ገደማው ኤቲ (ኤ እና ቲ የተባሉት የዲኤንኤ ፊደሎች) ነው። በ72 ዲግሪ ኢንዛይሙ ገና እየጻፈ እያለ አዲሱ ክር ከአብነቱ ይላቀቃል። ኤክስቴንሽኑን ወደ 60 ወይም 65 አውርጂው፣ ጊዜውን ደግሞ ለ1,000 ቤዝ ቢያንስ 1 ደቂቃ ተኩል ስጪው። ይህን ብቻ በመቀየር ደብዛዛ የነበረ ባንድ የሚጠራበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ማግኒዚየም 2.5 ሚሊሞላር ጥሩ መነሻ ነው። ለኔስትዱ ሁለተኛ ዙር 1 ማይክሮሊትር ይበቃል። ሁለተኛውን ዙር የምትከፍቺበት ቦታና ማስተር ሚክስ የምታዘጋጂበት ቦታ ግን አንድ አይሁን፤ ክፍል ከሌለሽ ቢያንስ የተለያየ ፒፔትና የተለያየ ጠረጴዛ።

ኤክሶን 2 የሂስቲዲንና የአላኒን ድግግሞሽ ነው። ድግግሞሹ በየፓራሳይቱ ይለያያል፣ ስለዚህ ባንዱ በ3ዲ7 ልክ ካልመጣ አትጣዪው። በአንድ ፕራይመር ስብስብም አትፍረጂ፤ ፕራይመሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንድ ፊደል ቢለወጥ ባንድ ይቀራል፣ ጂኑ ግን ቁጭ ብሏል። ኤክሶን 1ንና 2ን የሚያገናኘውን ቦታ በሌላ አጭር ምርት ፈትሺ። ሁለቱም ከጠፉ ነገሩ ይጠነክራል።

ኮንትሮሎቹ አራት ይሁኑ። 3ዲ7 ሁለቱም ጂኖች አሉት። ዲዲ2 ኤችአርፒ2 የለውም፣ ኤችአርፒ3 አለው። ኤችቢ3 በተቃራኒው ነው። 3ቢዲ5 የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ሲሆን ሁለቱም የሉትም። ያለ ዲዲ2 ፕራይመርሽ ኤችአርፒ3ን እንደ ኤችአርፒ2 እያበዛ እንዳልሆነ አታውቂም፤ ጂኖቹ በጣም ይመሳሰላሉና።


ቦርከና

አላህ ይስጣችሁ፣ ገብቶኛል። ዲዲ2 እስክናገኝ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ለመድኃኒት ዕፅዋት ሙከራ የሚያገለግሉ በበርጌይ (በአይጥ ወባ ፓራሳይት) የተያዙ አይጦች በአቅራቢያ አሉ። ፓራሳይቱ ኤችአርፒ2 ስለሌለው የአይጡን ደም ወረቀት ላይ ጠብ አድርገን ኔጌቲቭ ኮንትሮል ማድረግ ይቻላል?


ቆቦ ሜዳ

አይሆንም። በርጌይ ኤችአርፒ2 እንደሌለው እውነት ነው፤ ግን የፋልሲፓረም ኤምኤስፒ1ና ኤምኤስፒ2 ፕራይመሮችሽም እዚያ ላይ አይሠሩም። የኮንትሮሉ ጥቅም «ምስክሮቹ ወጥተው ኤችአርፒ2 ብቻ ሲቀር ጄሉ ምን ይመስላል» የሚለውን ማሳየቱ ነው። የአይጡ ደም ሁሉንም ባዶ ያደርገዋል፤ ያንን ከውሃም ታገኚዋለሽ።

በርጌይ የተያዘ አይጥ ለሌላ ጥያቄ ጥሩ ሞዴል ነው። በአራት ቀኑ ሙከራ መድኃኒት በበሽታው መጀመሪያ ላይ ፓራሳይቱን ምን ያህል እንደሚገታ ይለካል። የሰው ወባ ምርመራ ለምን እንደሚስት ግን ሊነግርሽ አይችልም፣ ጉዳዩ የፋልሲፓረም የራሱ ጂን ነውና። ዲዲ2ን እንደ ዲኤንኤ ብቻ ለምኚ፤ ፓራሳይቱን ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ አያስፈልግሽም፣ ጥቂት ናኖግራም ለብዙ ወር ይበቃል።


ጦሳ

ስለ «9 ከ19» አንድ ነገር ቀርቷል፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ናሙናዎችሽ ሁሉም በአርዲቲ ኔጌቲቭ ስለሆኑ የተመረጡ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ግማሹ ጂን ቢያጣ እንኳ በአካባቢው ግማሹ ፓራሳይት ጂን አጥቷል ማለት አይደለም። መካፈያው ምልክት ኖሯቸው የመጡና ፋልሲፓረም የተረጋገጠባቸው በሽተኞች በሙሉ፣ አርዲቲያቸው ፖዘቲቭ የሆነውም ጭምር፣ መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ምርመራውን እንዲቀይሩ የሚመክረው በዚህ መካፈያ በኤችአርፒ2 መጥፋት ሳቢያ የሚሳተው ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። በተሳሳተ መካፈያ የወጣ ቁጥር ጤና ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ ሕዝቡን ይጎዳል፤ ሲጋነን የሚሠራው አርዲቲ ይጣላል፣ ሲያንስ ደግሞ ታማሚው ሳይታከም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ጉዳዩ በአገራችን እውነተኛ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። በ2017 እና 2018 እ.ኤ.አ. በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ በድንበር አካባቢ ባሉ ወረዳዎች 12,572 ሰዎች ተመርምረው በ2021 በወጣው ጥናት 9.7 በመቶው የፋልሲፓረም ኢንፌክሽን በጂኑ መጥፋት ምክንያት በኤችአርፒ2 አርዲቲ እንደሚሳት ተገምቷል። በኤችአርፒ2 ዙሪያ ያለው የክሮሞሶም ክፍልም ጂኑን ያጣው ፓራሳይት በቅርብ ጊዜ በተፈጥሮ ምርጫ ግፊት እንደተስፋፋ ያሳያል። ምርመራው ያየው ይታከማል፣ ያላየው ይራባል፤ ግፊቱ ከዚህ ነው። ኤርትራ ውስጥ ቀደም ብሎ በጊንዳዕ ሆስፒታል ከ26 ታማሚዎች በ21ዱ ላይ ኤችአርፒ2 ጠፍቶ ተገኝቷል። እነዚያ ወረዳዎች ወሎ አይደሉም፤ የእነሱን ቁጥር ለቆላችን መውሰድም አይገባም። የአንቺ ሥራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በ2023 የወጣው ሌላው የኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በከፊል ከመቋቋም ጋር የሚያያዘውን የኬልች13 ጂን 622አይ ለውጥ በ8.0 በመቶ ላይ አግኝቷል፤ ለውጡ ጂኑን ባጡት ፓራሳይቶች ላይ ካላጡት ያነሰ ነበር። ወረቀቶችሽን አትጣዪ የምልሽ ለዚህም ነው፤ ከዚያው ጠብታ ኬልች13ንም ማንበብ ይቻላል።

ውጤቱን ስትተረጉሚ ሁለት ነገር አስቢ። አንደኛው ድብልቅ ኢንፌክሽን ነው። አንድ ሰው ውስጥ ጂኑን ያጣና ያላጣ ፓራሳይት አብረው ካሉ ባንድ ይወጣል፣ የጠፋው ይሸፈናል። ኤምኤስፒ2 ላይ ሁለት ሦስት ባንድ ያየሽበትን ናሙና ምልክት አድርጊበት። ሁለተኛው ኤችአርፒ3 ነው። የአርዲቲው ፀረ እንግዳ አካል ኤችአርፒ3ንም በከፊል ይይዛል፤ ፓራሳይቱ ብዙ ሲሆን ኤችአርፒ2 ጠፍቶም መስመር ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ጻፊ፦ ኤችአርፒ2 ብቻ የጠፋ፣ ኤችአርፒ3 ብቻ የጠፋ፣ ሁለቱም የጠፉ። ኤችአርፒ3 ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ክሮሞሶም 13 ከክሮሞሶም 11 ጋር በሚጋሩት 15,000 ቤዝ ገደማ ቦታ ላይ ጫፍ ሲለዋወጡ መሆኑ በቅርቡ በሴኩዌንሲንግ ታይቷል፤ አጠገቡ ያሉት ጂኖችም አብረው ይሄዳሉ። ምርቶችሽ ጥሩ ከሆኑ ጎረቤት ጂኖቹንም መፈተሽ ፍርዱን ያጠናክራል።

አሁን ካሉሽ ውስጥ «አንድ ፕላስ» ካልሆኑት ሦስቱ ጀምሪ። ብዙ ፓራሳይት ኖሮበት አርዲቲው የሳተው እውነተኛ ተጠርጣሪ እሱ ነው። ከወረቀቱ እንደ አዲስ ይውጡ፣ በ60 ዲግሪ፣ ከኤምኤስፒ1ና ኤምኤስፒ2 ጋር በአንድ ሩጫ። 18ኤስ ላይ ያልወጣውን 20ኛውንም ለቫይቫክስ (ለሌላው የወባ ዓይነት) ፈትሺው፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ቀለበት ብቻ ታይቶ ፋልሲፓረም ተብሎ ሊሆን ይችላል።


ቦርከና

ሦስቱን ዛሬ ሳፖኒን ውስጥ እከታቸዋለሁ። «አንድ ፕላስ» የሆኑት ስድስቱስ፣ በሁለት ክብና በ100 ማይክሮሊትር ቢወጡ ይበቃል?


ሐይቅ ዳር

ደሙ አራት እጥፍ ስለሚሆን ለ20 ፓራሳይት ይበቃል፣ ለ4 አይበቃም። መጀመሪያ ስላይዱን አስወጪና በ500 ነጭ የደም ሕዋስ ቁጠሪ፤ ያገኘሽውን በ16 አባዢው፣ በማይክሮሊትር ያለው ይሆንልሻል። በ500 ውስጥ አንድም ካላገኘሽ ወረቀቱን አታባክኚው፣ «አይወሰንም» ብለሽ ለኬልች13 አስቀምጪው።